ኮኒ አይላንድ፦ የአምስት ሳንቲም ባሕር

መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ስድስት አባላት ያሉት አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ። ጉዳዩ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የብሩክሊን ባሕር ዳርቻ ካዚኖ ይከፈት ወይስ አይከፈት የሚል ነበር። ካዚኖው ብቻውን አይደለም፤ ሆቴል፣ የስብሰባ ማዕከልና የሙዚቃ አዳራሽ የተጨመረበት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ነው። አራቱ ተቃወሙ፣ ሁለቱ ደገፉ። ዕቅዱ እዚያው ላይ ወደቀ።

እኔ እዚሁ ብሩክሊን፣ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ከሥራ ስወጣ በባቡሩ ጥቂት ፌርማታ አልፌ ብቀጥል ኮኒ አይላንድ ነው የምወርደው፤ በሙቀቱ ወራትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ አደርጋለሁ። ዜናውን ስሰማ ከልቤ ነው የተደሰትኩት። ይህን ባሕር ዳርቻ ከተርታው ሰው ወስዶ ገንዘብ ላለው ለመስጠት የተሞከረው አሁን ብቻ አይደለምና። ከመቶ ዓመት በላይ፣ አንዴ በሆቴል፣ አንዴ በአጥር፣ አንዴ በግሬደር ሲሞከር ኖሯል። ቦታው ግን ዞሮ ዞሮ አምስት ሳንቲም ይዞ ወደመጣው ሰው ይመለሳል። እንዴት እንደሆነ ላውጋችሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮኒ አይላንድ ስሙ የደሴት ይሁን እንጂ ዛሬ ደሴት አይደለም። በስተጀርባው ያለው ቀጭን የባሕር ሰርጥ ከፊሉ በአፈር ተደፍኖ ከብሩክሊን ጋር ተያይዟል። ፊቱ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ከማንሃተን መሃል ተነስቶ በምድር ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤንና ኪው የሚባሉት አራቱም ባቡሮች መጨረሻቸው እዚያ፣ ስቲልዌል አቬኑ ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ወጥታችሁ መንገዱን ስትሻገሩ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የተጠበሰ ሥጋና የሽንኩርት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የጨው ነፋስ፤ ቀጥሎም ሳይክሎን በሚባለው መጫወቻ የሚወርዱት ሰዎች ጩኸት።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ይህ ዳርቻ ሁለት ዓለም ነበር። ምሥራቁ የሀብታም፣ ምዕራቡ የሌላው። በምሥራቅ በኩል ኦስቲን ኮርቢን የተባለ የባንክና የባቡር ባለሀብት በ1877 ማንሃተን ቢች ሆቴልን ከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ አይሁዳውያን በሆቴሉ እንዳይስተናገዱ እፈልጋለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጎረቤቱ ብራይተን ቢች ሆቴል ባሕሩ መሠረቱን እየሸረሸረ ሲያስቸግረው በ1888 ሕንፃውን እንዳለ በባቡር ፉርጎዎች ላይ ጭነው፣ በስድስት የባቡር ሞተር ጎትተው ወደ ኋላ አሸሹት። የእነዚህ ሆቴሎች ትልቁ ገበያ የፈረስ ውድድርና በውድድሩ ላይ የሚካሄደው ቁማር ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት በ1908 ባወጣው ሕግ ቁማሩን ሲያግድ የውድድር ሜዳዎቹ ተዘጉ፤ ታላላቆቹ ሆቴሎችም ብዙ ሳይቆዩ ፈረሱ። ያኔ በቁማር ገንዘብ የቆመው ወገን ከነግርማው ጠፍቷል፤ ተርፎ እስከ ዛሬ ያለው የምዕራቡ፣ የርካሹ ወገን ነው። ስለ ካዚኖው በተነጋገርን ቁጥር ይህን የማያነሳ ሰው ይገርመኛል።

የምዕራቡ ወገን በአምስት ሳንቲም ነው የተጀመረው። በ1884 ላማርከስ ቶምሰን የሚባል ሰው በእንጨት ማማ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ ሰዎችን በአምስት ሳንቲም ቁልቁል ማንሸራተት ጀመረ። ፍጥነቱ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ሯጭ ልጅ ይቀድመዋል። ሰው ግን ተሰልፎ ገባ። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1895፣ ካፒቴን ፖል ቦይተን ዙሪያውን አጥሮ በር ላይ መግቢያ የሚያስከፍል ፓርክ አቆመ፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ባሕር ዳር ያደገው ጆርጅ ቲልዩ በሐዲድ ላይ የሚጋልቡ የእንጨት ፈረሶች ያሉበትን ስቲፕልቼዝ ፓርክን ከፈተ። ፓርኩ በ1907 ሲቃጠል ቲልዩ በማግስቱ ጠዋት ማስታወቂያ ለጠፈ፤ የሚጨሰውን ፍርስራሽ ገብቶ ማየት ለሚፈልግ አሥር ሳንቲም። ከዚያም መልሶ ሠራው።

ግንቦት 1903 ሉና ፓርክ ተከፈተ። ፍሬደሪክ ቶምሰንና ኤልመር ደንዲ ሩብ ሚሊዮን የኤሌክትሪክ አምፖል በማማዎችና በጉልላቶች ላይ ሰቅለው ማታ ማታ ያበሩ ጀመር። አብዛኛው ጎብኚ በቤቱ በጋዝ ወይም በላምባ የሚያበራ ሠራተኛ በነበረበት ዘመን ይህ ምን ያህል እንደሚያፈዝ አስቡት።

የሉና ፓርክ ታሪክ ግን ብርሃን ብቻ አይደለም። ገና በግንባታ ላይ እያለ፣ ጥር 4 ቀን 1903፣ ሰው ገድላለች፣ አስቸጋሪ ሆናለች የተባለችውን ቶፕሲ የምትባል ዝሆን እዚያው ግቢ ውስጥ በመርዝ፣ በኤሌክትሪክና በገመድ ገደሏት፤ የኤዲሰን ኩባንያም በፊልም ቀረጸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከፊሊፒንስ ተራሮች የመጡ ሰዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይቀር፣ አጥር ውስጥ አስቀምጠው ለተመልካች አሳዩ። ያመጣቸው ትሩማን ሃንት ደመወዛቸውን በልቷል ተብሎ ኋላ ተከሷል። ስለ ኮኒ አይላንድ ሲወራ ይህን ዘለው ወደ ሆት ዶጉ፣ በዳቦ ወደሚበላው ቋሊማ፣ የሚሄዱ አሉ፤ ለእኔ ግን ሰው እንደ እንስሳ የታየበት ቦታ መሆኑ መነገር አለበት። ብዙዎቹ የመታጠቢያና የልብስ መቀየሪያ ቤቶችም ለረጅም ዘመን ጥቁሮችን አያስገቡም ነበር።

አሁን እኔን ወደሚነካው ልምጣ።

ከ1903 ጀምሮ እዚያው ሉና ፓርክ ውስጥ፣ በአንበሳ አሠልጣኞችና በጀልባ ማንሸራተቻዎች መሃል፣ ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍለው የሚገቡበት አንድ ንጹህ ነጭ ቤት ነበር። ውስጡ በመስኮት መስታወት የተሸፈኑ የብረት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሣጥኑ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ተኝቷል። እኛ ሆስፒታል «ማሞቂያ» የምንለው፣ ኢንኩቤተሩ ማለት ነው። ባለቤቱ ማርቲን ኩኒ በፕሩሲያ የተወለደ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር። ራሱን ዶክተር ብሎ ይጠራ እንጂ ስለ እሱ የመረመሩ ሰዎች የሕክምና ዲግሪ እንዳለው ማስረጃ አላገኙም። ያም ሆኖ የሠራው ሥራ የሐኪም ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሆስፒታሎች አብዛኛዎቹ እንዲህ ላሉ ሕፃናት ክፍልም መሣሪያም አልነበራቸውም። አንድ ኪሎ የምትመዝን ልጅ ስትወለድ አዋላጁ እናትየውን «አትተርፍም፣ ልብሽን አታንጠልጥይባት» ይላት ነበር። መሣሪያውም ርካሽ አይደለም፤ ባለሙያውም እንደዚያው። ኩኒ የመጣለትን መላ ተመልከቱ፤ ወላጆችን አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ሕፃናቱን ለማየት የሚሰለፈው ሰው ነው። የነርሶቹ ደመወዝ፣ የጡት አጥቢዎቹ ቀለብ፣ የከሰሉ ዋጋ ሁሉ ከሩብ ዶላር ከሩብ ዶላር ይጠራቀማል። ሀብታም ሳይለግስ፣ መንግሥት ሳይበጅት፣ እሑድ ሊዝናና የመጣ የልብስ ሰፊና የወደብ ሠራተኛ የማያውቀውን ሰው ልጅ አሳከመ።

መሣሪያውን በሥዕል አይቼዋለሁ፤ ደግሜ ደጋግሜም አይቼዋለሁ። ሙቀቱ የሚመጣው ከሣጥኑ ሥር በቱቦ ከሚዞር ሙቅ ውሃ ነው፤ ልክ ሲያልፍ ራሱ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ አለው። አየሩ ከውጭ በቱቦ ይገባና በጥጥ መሳይ ማጣሪያ አልፎ ይጸዳል፤ ያገለገለው አየር ሽቅብ በጭስ መውጫ ይወጣል። የጭስ መውጫው ላይ ትንሽ ተሽከርካሪ አለች፤ እሷ እየዞረች ከሆነ አየር እየተዘዋወረ ነው ማለት ነው። እኛ ዛሬ በስክሪን ላይ ቁጥር እናያለን፤ እነሱ ያቺን ተሽከርካሪ ያዩ ነበር። ለመጥባት አቅም ላጣ ሕፃን ወተቱን በትንሽ ማንኪያ በአፍንጫው ያንጠባጥቡለታል። እኛ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ አስገብተን ሆድ ድረስ እናደርሳለን። መንገዱ ያው ነው።

ዋና ነርሷ ማዳም ሉዊዝ ሬክት ትባላለች። የጣቷን የአልማዝ ቀለበት አውልቃ በሕፃኑ እጅ ላይ እስከ አንጓው ታሳልፈው ነበር፤ ተመልካቹ የልጁን ማነስ እንዲያይ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሥራ ገብቼ የአንዱን ልጅ እጅ ረዘም ላለ ጊዜ ይዤ ቆየሁ። የእነዚህን ልጆች እጅ ያልያዘ ሰው ታሪኩ የተጋነነ ይመስለው ይሆናል፤ አልተጋነነም። የኩኒ የራሱ ልጅ ሂልደጋርድም በ1907 ያለ ጊዜዋ ተወልዳ እዚያው ማሞቂያ ውስጥ አደገች፤ ስትጎለምስም ነርስ ሆና ከአባቷ ጋር ሠራች።

ካቻምና አክስቴ ከደሴ ሊጠይቁኝ መጥተው ኮኒ አይላንድ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው በባሕሩ ዳር ካለው የእንጨት መራመጃ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ጸጥ ብለው ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዲያ ያለ ጨቅላ ልጅ ለአላፊ አግዳሚው በገንዘብ ያሳዩ ነበር ነው የምትይኝ?»

«አዎ እትዬ፤ በዚያው ገንዘብ ነው የታከሙት።»

«ዓይን አይበላቸውም ነበር? እኛ አራስ ልጅ አርባና ሰማንያው ሳይሞላ ከደጅ እናወጣለን እንዴ? ሲጠባ እንኳ ነጠላ ይደረብበታል።»

መልስ አጣሁ። ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ከባድ ነው። ልጅን ለትርዒት ማቅረብ ነውር ነው ብለው በኩኒ ዘመንም የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ፤ የሕፃናት መብት ተከራካሪዎች ሊያዘጉበት ሞክረዋል። ግን እናቲቱ የነበራት ምርጫ ይህ ወይም የሬሳ ሣጥን ነው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና አክስቴ «ከዳኑስ ይሁን፤ ዓይኑንም እግዜር ይመልሰዋል» አሉ። በእኔ ክፍል ማሞቂያዎቹ ላይ ብርሃን እንዳይረብሻቸው ጨርቅ እናለብሳለን። የአገሬ እናቶች ሲመጡ ያ ጨርቅ ለሌላ ነገር የተደረገ ይመስላቸውና ያመሰግኑኛል። እኔም አላርማቸውም።

ኩኒ በእሱ ስሌት ከተቀበላቸው 8,000 ሕፃናት ውስጥ 6,500 ያህሉን አትርፏል። በ1943 የኮኒ አይላንዱን ቤት ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ነው የኮርኔል ኒው ዮርክ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነት ሕፃናት የራሱን ክፍል የከፈተው። እሱ በ1950 ሞተ።

ኩኒ ሁለተኛ ቤት በድሪምላንድ ፓርክ ነበረው። ድሪምላንድ በ1904 ከሉና ፓርክ ፊት ለፊት የተሠራ፣ ሁሉ ነገሩ ነጭ የተቀባ፣ አንድ ሚሊዮን አምፖል አለው የተባለለት ተፎካካሪ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1911፣ የወቅቱ መክፈቻ ዕለት ሊነጋጋ ሲል፣ «የሲኦል በር» በሚባለው መጫወቻ ውስጥ ሠራተኞች የሚያፈስ ነገር በሬንጅ ይደፍኑ ነበር። አምፖሎቹ ፈነዱ፤ በጨለማው የፈላው ሬንጅ ተደፋ፤ እሳት ተነሳ። እንጨትና ጀሶ ነበርና ጠዋት ሲሆን አንድም የቆመ ነገር አልቀረም። ብዙ የሰርከስ እንስሳት አለቁ። ሕፃናቱን ግን ነርሶቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እሳቱ ሳይደርስባቸው ይዘዋቸው ወጡ፤ ሁሉም ተረፉ። ድሪምላንድ ከዚያ ወዲያ አልተሠራም።

በ1920 የምድር ባቡሩ ኮኒ አይላንድ ደረሰ፤ ቲኬቱ አምስት ሳንቲም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ከታችኛው ማንሃተን ጠባብ ቤቶች ጣሊያኑ፣ አይሁዱ፣ ፖላንዳዊው፣ አየርላንዳዊው ቤተሰቡን ይዞ በሳንቲም ይመጣል። ያኔ ደግሞ ናታን ሃንድወርከር የሚባል ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ ሆት ዶግን በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ናታን ቀድሞ የቻርልስ ፌልትማን ምግብ ቤት ተቀጣሪ ነበር፤ እዚያ አንዱ ሆት ዶግ አሥር ሳንቲም ነው። 300 ዶላር አጠራቅሞ በ1916 የራሱን መስኮት ከፈተና ዋጋውን በግማሽ ቆረጠው። ሰው ግን እንዲህ የረከሰ ሥጋ ከምን ቢሠራ ነው ብሎ ፈራ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች መስኮቱ ሥር ቆመው እንዲበሉ ማድረጉ ይነገርለታል፤ ሐኪም የሚበላውን ማን ይፈራል? ሱቁ ዛሬም እዚያው ሰርፍ አቬኑ ጥግ ላይ ነው።

ከሁሉ ትልቁ ለውጥ ግን አሸዋው ላይ የመጣው ነው። እስከዚያ ድረስ የዳርቻው ባለይዞታዎች አጥር እየሠሩ ባሕር ለመንካት ያስከፍሉ ነበር። ከተማው ዳርቻውን የሕዝብ አደረገና በ1923 በብሩክሊኑ ሹም በኤድዋርድ ሪግልማን ጊዜ ቦርድዎክ የሚባለውን የእንጨት መራመጃ አነጠፈ፤ ስፋቱ ሃያ አራት ሜትር ያህል ነው። ዛሬ እዚያ ለመግባት የሚከፈል ነገር የለም። ዊጂ የሚባለው ፎቶ አንሺ በሐምሌ 1940 ከከፍታ ላይ ሆኖ ያነሳው ፎቶ አለ፤ አሸዋው አይታይም፣ ሰው ብቻ ነው፣ ሁሉም ቀና ብሎ ወደ ካሜራው ያያል። የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳን ያየ ሰው ብቻ ነው ያንን ብዛት ሳይደናገጥ የሚያየው።

ዎንደር ዊል የሚባለው ግዙፍ መንኮራኩር በ1920 ነው የቆመው፤ ሳይክሎን የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ደግሞ በ1927፣ የላማርከስ ቶምሰን የአምስት ሳንቲም ሐዲድ በነበረበት ጥግ ላይ። ሳይክሎን ላይ አንዴ ወጥቶ መውረድ ይበቃል፤ ዎንደር ዊል ግን ሌላ ነው። ቁመቱ 46 ሜትር፣ ሣጥኖቹ ሃያ አራት። ስምንቱ ባሉበት ይቆያሉ፤ አሥራ ስድስቱ ግን መንኮራኩሩ ሲዞር በውስጥ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ። ላይ ልትደርሱ ስትሉ የተቀመጣችሁበት ሣጥን ድንገት ወደ ፊት ይለቀቅና ባሕሩ ላይ የተወረወራችሁ ይመስላችኋል፤ ከዚያ እየተወዛወዘ ይረጋል። ያን ጊዜ በአንድ ወገን ውቅያኖሱን፣ በሌላው ወገን የመንግሥት ኪራይ ቤቶቹን ረጃጅም ቡናማ ፎቆች ታያላችሁ። ሐምሌ 13 ቀን 1977 ማታ የኒው ዮርክ መብራት ሲጠፋ ሰዎች መንኮራኩሩ ላይ ቀርተው ነበር፤ ሠራተኞቹ መንኮራኩሩን በእጃቸው እያዞሩ አንድ በአንድ አወረዷቸው።

እነዚያ ቡናማ ፎቆች የሌላ ታሪክ አካል ናቸው። የከተማዋ የፓርኮች ሹም ሮበርት ሞዝስ ጫጫታና ርካሽ መዝናኛ አይወድም ነበር። ከ1938 ጀምሮ ዳርቻውን በእጁ አስገባ፤ ድሪምላንድ በነበረበት ቦታ ላይ በ1957 የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያው፣ አኳሪየሙ፣ ተከፈተ። አኳሪየሙን ልጆች ይወዱታል፤ እሱን አልነቅፍም። ግን በነባሮቹ ቤቶች ምትክ ድሆችን በአንድ ጥግ ያከማቹ ፎቆች መጡ፤ ሉና ፓርክ በ1944 ተቃጥሎ ሳይመለስ ቀረ፤ ስቲፕልቼዝም በ1964 ተዘጋ። ስቲፕልቼዝን የገዛው ፍሬድ ትራምፕ፣ የዛሬው ፕሬዚዳንት አባት፣ ነው። አፓርታማ ሊሠራበት ፈለገ። በ1966 እንግዶች ጠርቶ ድግስ ደገሰ፤ እንግዶቹ የቲልዩን የመስታወት አዳራሽ በጡብ እየወረወሩ ሰበሩለት። ከዚያ ግሬደሩ ገባ። ከተማው ግን ቦታው ለመዝናኛ የተከለለ ነው ብሎ ፈቃድ ከለከለው፤ አፓርታማውም አልተሠራ፣ አዳራሹም አልተመለሰ። ያንን የጡብ ድግስ ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ። ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት የሳቀበትን ቤት እየሳቁ ማፍረስ ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ክፉ ዓመታት መጡ። ሱቆች ተቃጠሉ፣ ሰዉ ሸሸ። ያተረፉት የቆዩት ናቸው። ዲኖ ቩርደሪስ የሚባል ግሪካዊ ስደተኛ በጋሪ ሆት ዶግ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ለሚወዳት ልጅ ካገባሽኝ አንድ ቀን ዎንደር ዊልን እገዛልሻለሁ ብሏት ነበር። ተጋቡ፤ በ1983 ገዛላት። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ ያስተዳድሩታል። በዚያው ዓመት በዓሣና በባሕር ፍጡር አለባበስ የሚወጣው የመርሜይድ ሰልፍ ተጀመረ፤ አሁንም በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይካሄዳል። ከ1988 ጀምሮ ሳይክሎን፣ ዎንደር ዊልና ከስቲፕልቼዝ የተረፈው የፓራሹት ማማ በቅርስነት ተመዘገቡ፤ የእንጨቱ መራመጃ በ2018 ተከተለ።

በ2000ዎቹ ጆሴፍ ሲት የተባለ ባለሀብት ቶር ኤኩዊቲስ በሚባለው ኩባንያው በኩል ቦታዎቹን እየገዛ ሰበሰበ፤ አስትሮላንድ የሚባለው ፓርክ በ2008 ተዘጋ። ከተማው በ2009 ከፊሉን መሬት በ95.6 ሚሊዮን ዶላር መልሶ ገዛና በሚቀጥለው ዓመት አዲሱ ሉና ፓርክ ተከፈተ። ከዚያ ጥቅምት 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው ማዕበል መጣ። ውሃው ከፊት ከባሕሩ፣ ከኋላም ከሰርጡ በአንድ ጊዜ ገባ፤ የመጫወቻዎቹን ሞተር ጨውና አሸዋ ሞላው፤ በአካባቢው ያለው ሆስፒታል ሕሙማኑን አስወጣ፤ በፎቆቹ ላይ ሊፍት ቆሞ አዛውንቶች ያለ መብራትና ያለ ውሃ ቀሩ። በሚቀጥለው የሙቀት ወር ዎንደር ዊል ዞረ፣ የናታን ሱቅም ተከፈተ።

አሁን ወደ ካዚኖው። ዕቅዱን ያመጣው ያው ቶር ኤኩዊቲስ ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎችን ይዞ። የተቃወሙት የሰፈሩ ሰዎች፣ የመርሜይድ ሰልፉ ሰዎችና የመጫወቻ ባለቤቶቹ ናቸው። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ ካዚኖ ሰው ወደ ውጭ እንዲወጣ አይፈልግም፤ ቀንና ሌሊት የማይለይበት ቤት ውስጥ ያቆየዋል። ባሕር ዳርቻ ደግሞ የሚኖረው በሚመላለስ ሰው ነው። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግፋው ነበር፤ እሷን ሳላነሳ ባልፍ ፍትሕ አጎድላለሁ። ቤቷ በምዕራቡ ጫፍ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው። ልጇ በመጫወቻዎቹ ላይ ቲኬት ይቆርጣል፤ ሥራው በፋሲካ ሰሞን ይጀምርና ጥቅምት ላይ ያበቃል። «አንቺ ለመዝናናት ትመጫለሽ፤ እኛ ኅዳርም ጥርም እዚያው ነን» አለችኝ። ካዚኖው ዓመቱን ሙሉ ሥራ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ያ ቃል ከዕቅዱ ጋር ወደቀ፤ የልጇ የብርድ ወራት ግን አልቀረም። ኩባንያው ሰርፍ አቬኑ ላይ ከያዛቸው ቦታዎችም ባዶ የሆኑ አሉ። ከተማው ባለፈው ጊዜ መሬት ገዝቶ ፓርክ እንዳስከፈተ፣ አሁንም በእነዚያ ባዶ ቦታዎች ላይ በብርዱም የሚሠራ ነገር፣ የሙያ ትምህርት ቤትም ይሁን የተሸፈነ መዋኛ፣ ማሠራት ይችላል። ይህን በየወሩ በሚሰበሰበው የሰፈሩ ቦርድ ላይ ማንሳት የነዋሪ መብት ነው፤ እሷ ልትናገር ተመዝግባለች፣ እኔም የሌሊት ተራዬን ቀይሬ አብሬያት እሄዳለሁ።